ከዲናሩ ላይ የበረረችው ድል

ፊሌሮስ የሰደበኝ በማርስ ወር መባቻ ነው፤ ረፋድ ላይ፣ በሮም፣ ከእንስት አምላኳ ከዩኖ መቅደስ ጀርባ ካለው የውኃ ገንዳ አጠገብ። ቀኑን የማልረሳው ሴቶቹ ለዩኖ አበባ የሚያቀርቡበት በዓል ስለነበር ነው። እዚያ የነበሩትንም አልረሳኋቸውም። ሁለቱ ወናፍ ነፊዎች ነበሩ፣ ከሰል አቅራቢው ነበር፣ ደግሞ እዚያ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የማይገባኝ አንድ ዓሣ ሻጭ ነበር።

እኔ በከሰል ስባሪ ግድግዳው ላይ ስሜን እየጻፍኩ ነበር። አካስቶስ። ማንም ተቀምጦ ያስተማረኝ የለም፤ ፊደል የለየሁት ዲናር ከምንመታባቸው የብረት ማኅተሞች ላይ ነው። ማኅተም ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው፤ ብሩ ላይ ሲያርፍ እንዲቃና። ዲናሩንማ ማን አስተውሎ ያየዋል፣ ሳይቀዘቅዝ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስሜን እንዳየሁት አድርጌ፣ ገልብጬ ጻፍኩት።

ፊሌሮስ ባልዲውን አስቀመጠና ግድግዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኧረ ኑ እዩ!» አለ። «ይሄ ሰውዬ ጭራሽ ማኅተም ሆኖ ቀረ እኮ! ፊቱን በመዶሻ ካልደቆሱት አይነበብም!»

አብዝቶ የሳቀው ዓሣ ሻጩ ነው። የሰጠሁት መልስ ደካማ ስለነበር እዚህ አልጽፈውም።

ፊሌሮስና እኔ የምንሠራው ዲናር በሚመታበት በአንድ የብር ቤት ውስጥ ነው። ሁለታችንም መዶሻ መቺዎች ነን፤ ሁለታችንም የከተማው ባሪያዎች ነን። ልዩነታችን የእሱን ስም ሰው ማወቁ ነው። ሹማምንቱ ሊጎበኙን ሲመጡ «ፊሌሮስ እንዴት ነህ?» ይላሉ፤ እኔን ሲያዩ «ይሄኛውስ?» ይላሉ። የእህል ችግር በነበረበት ዓመት የምንመታበት መስፍ መሰንጠቁን አይቼ የጮህኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሙሉ ዳቦ የተሸለመው ግን እሱ ነው። ዳቦው ከነሽታው ትዝ ይለኛል።

ፊሌሮስ በሰደበኝ ዓመት፣ መከር ላይ፣ ከምዕራብ ከሂስፓኒያ ወሬ መጣ። ጦራችን የዚያን አገር ሰዎች፣ ሉሲታኖችን፣ አሸንፎ እየተመለሰ ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ራሱ ደረሰና ከግንቡ ውጭ በማርስ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ጦር አዛዡ የድል ሰልፉ እስኪፈቀድለት ወደ ከተማ መግባት አይችልም፤ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ወታደሮቹ ደግሞ ወይን እየጠጡ ስለ አዛዣቸው የብልግና ዘፈን ያወጣሉ፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ይሰማናል። በመጨረሻ ሰልፉ ተፈቀደ። ለወታደሮቹ የሚታደል አዲስ ዲናር ይመታ ተብሎም ታዘዘ።

ዲናሩ እንዲህ ነበር። በአንደኛው ፊት ራስ ቁር ያጠለቀችው የከተማችን አምላክ የሮማ ራስ አለች። በሌላኛው ፊት ክንፋሟ አምላክ፣ ድል፣ ቆማለች፤ የተማረከ ጋሻና ጥሩር በተሰቀለበት ግንድ ላይ የአበባ ጉንጉን ታደርጋለች። ከግንዱ ሥር እጁን የኋሊት የታሰረ አንድ ሉሲታናዊ ቁጭ ብሏል። ቀራጩ ሰውየውን ከምስር ፍሬ አሳንሶታል፤ አንገቱን እንደ ደፋ ግን ይታያል። እኔ ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነው። አባቴም ከመቄዶንያ ነው ታስሮ የመጣው፤ በዚያ ዘመን በተመታ ዲናር ላይ እንዲሁ ቁጭ ብሎ ከእጅ ወደ እጅ ሳይዞር አይቀርም።

የዚያ ዓመት የብር ሹማችን ቬላኒዮስ የሚባል ወጣት ነው። ጢሙ ገና መብቀሉ ነው፤ ሹመቱም የመጀመሪያው ነው። ጦር አዛዡ የእናቱ ወንድም ስለሆነ ነገሩ ከእኛ ይልቅ እሱን እንቅልፍ ነሥቶታል። ሰልፉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በማለዳ መጥቶ የከሰል ሳጥን ላይ ወጣ።

«ስሙኝ!» አለ። «ሁለት መስፍ አለ። ሁለት ቅርጫት ቀርቷል። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም መሙላት አለባቸው። ቅርጫቱን ቀድሞ የሞላ መዶሻ መቺ...» እዚህ ላይ ቆመና ፈገግ አለ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር ደስ ይለው ነበር። «ራሱን ይላጫል፤ የነጻነት ቆብ ያጠልቃል፤ ነገ ከአጎቴ ሠረገላ ኋላ ይሄዳል። ከዳኛው ጋር ጨርሻለሁ። አንድ ሰው!»

አንድ ሰው። ፊሌሮስን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር። እንዳልሰማ ሰው መዳፉን በአመድ እያሻሸ «አካስቶስ፣» አለኝ፣ «ራስህ ለቆብ ይሆናል ብለህ ነው? የድስት ክዳን ይሻልሃል።»

«አንተ ምላስህን ከመስፌ ላይ አንሣ፣» አልኩት፣ «ሳላየው እንዳልመታው።»

ወናፍ ነፊዎቹ ሳቁ። በእኔ አባባል ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው፤ ቀኑ የኔ እንደሆነ ያኔ ነው ያመንኩት።

ከእኔ ጋር የሚሠራው አባባ ትሪፎን ነው። ሥራው ማኅተም መያዝ ነው። የታችኛው ማኅተም መስፉ ውስጥ ተተክሏል፤ የላይኛውን ትሪፎን በግራ እጁ ይይዛል፤ በቀኙ ደግሞ ከእሳት የወጣውን የብር ጥፍጥፍ በጉጠት አንሥቶ በሁለቱ መካከል ያስቀምጣል። እኔ እመታለሁ። ታች ሮማ ትወጣለች፣ ላይ ድል ትወጣለች። ትሪፎን ዲናሩን ወደ ቅርጫቱ ይጥላል፤ ከዚያ የላይኛውን ማኅተም ገልብጦ ፊቱን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። ከያንዳንዱ ምት በኋላ። አውራ ጣቱ ከዚህ የተነሣ እንደ ማንኪያ ጠፍጥፏል፤ ቆዳውም ከቃጠሎ ብዛት ስሜት አጥቷል።

ጀመርን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መዶሻው እጄ ላይ ቀለለኝ። ከሌላው ቀን የበለጠ የተመገብኩት ነገር የለም፤ ያው ዳቦና ሽንብራ ነው፤ ግን ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ የሆነ መሰለኝ። ጥፍጥፉ ቀይ ሆኖ ይመጣል፣ እመታለሁ፣ ነጭ ሆኖ ይሄዳል። ከሜዳው መለከት ነፊዎቹ ለነገ ይለማመዱ ነበር፤ የእነሱን ምት ይዤ መታሁ። በወዲያኛው መስፍ ፊሌሮስ ይመታል። እሱ ሲመታ እኔ አነሣለሁ፣ እኔ ስመታ እሱ ያነሣል፤ ቤቱ እንደ ልብ ይመታል። ወናፉ ይነፋል፣ የእሳቱ ብልጭታ እስከ ጣሪያው ይወጣል፣ ላቤ መስፉ ላይ ጠብ ሲል ጭስ ሆኖ ይነሣል። ስንትና ስንት ዓመት ስመታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፊሌሮስ ዝም ብሎ አይሠራም። የትሪፎንን ጥረጋ አየና ያዘው።

«እትዬ ትሪፎን!» ብሎ ጮኸ። «ማኅተም ነው የያዝሽው ወይስ ሕፃን? ቂጡን ስትጠርጊ ልትውይ ነው እንዴ?»

«የናትህን ቂጥ ማንም ስላልጠረገው ነው አንተ እንዲህ የወጣኸው፣» አለ ትሪፎን፤ ራሱን ቀና አላደረገም።

ቤቱ ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ፊሌሮስ ራሱ ሳቀ። ግን የእሱ ማኅተም ያዥ አይጠርግም፤ አንሥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅርጫቶቹን ሳያቸው የእነሱ ከኛ በአንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

አንድ ጣት!

«አባባ ትሪፎን፣ ጥረጋውን ተወው።»

«አይሆንም።»

«ተወው እልሃለሁ!»

«አንተ ልጅ፣ ብር ይጣበቃል፣» አለኝ። «የተመታው ዲናር ከላይኛው ማኅተም ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ድልን ሸፍኗት ነው የሚቀረው። የሚቀጥለው ጥፍጥፍ ከታች ማኅተሙን፣ ከላይ ደግሞ የተጣበቀውን ዲናር ነው የሚያገኘው። በአንድ ፊት ሮማ ወደ ላይ ትወጣለች፣ በሌላው ፊት ያቺው ሮማ ወደ ውስጥ ጎድጉዳ ትገባለች። ድል የሌላት የድል ብር ለወታደር ልትሰጥ ነው? በሰልፍ ዋዜማ? ሁለታችንንም ማዕድን ጉድጓድ ነው የሚሰዱን።»

«አይጣበቅም።»

«እሱን ለብሩ ንገረው።»

«ትሪፎን!» አልኩት፤ መዶሻውን እንዳነሣሁ ነው። «ሰው ሆኜ የማውቅበት ቀን ይሄ ብቻ ነው። ሌላ አይመጣም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ከጭስ የተነሣ ሁልጊዜ እንዳለቀሰ ነው፤ ስለዚህ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

«ቆቡ ለአንተ እንጂ ለእኔ አይደለም፣» አለ።

«ነጻ ስወጣ ወይን እጋብዝሃለሁ።»

«አንተ? አንተ እኮ ለውኃ እንኳ ሰው አትጠራም።» ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈው። «በል ምታ።»

መታሁ! መጥረጉን ሲተው ሥራው እንደ ቁልቁለት ሆነ። ቀይ፣ ምት፣ ነጭ። ቀይ፣ ምት፣ ነጭ። ትሪፎን ለካ እጁ እንዲህ ይፈጥናል! ዲናሩ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ዝናብ ይመስል ነበር። የአንዱን ጣት ልዩነት ዘጋነው፤ ከዚያ አለፍናቸው። ወናፍ ነፊዎቹ ማን እንደሚቀድም ይከራከሩ ጀመር፤ አንደኛው «አካስቶስ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ስሜን! ፊሌሮስ መሳደቡን ተወ። ትንፋሹን እሰማዋለሁ፤ መዶሻውን ሲያነሣ እንደ በሬ ያጉራራል። ዘወር ብዬ ላየው ፈለግኩ፣ ግን አላየሁትም፤ ዘወር ያለ ሰው አንድ ምት ያጣል።

የመጨረሻው ዲናር ክምሩ ላይ ወድቆ ተንከባለለና ከጠርዙ ወደ መሬት ወረደ። ቅርጫቱ ከዚህ በላይ አይዝም።

«ሞላ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞላ! ሞላ!»

የፊሌሮስ መዶሻ ገና ይመታ ነበር። ሁሉም ሰምቷል። ጥቂት ቆይቶ እሱም «ሞላ» አለ፤ ግን ያን ያለው እንደ ታመመ ሰው ነው።

በዚያው ቅጽበት ቬላኒዮስ እንግዶቹን አስከትሎ ገባ። ከፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የከተማው ምልክት ፈቺ ናቸው፤ የወፎችን በረራ አንብበው ጦር ይውጣ አይውጣ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ነጭ ልብሳቸው ጥቀርሻ እንዳይነካው በሁለት ጣት ሰብሰብ አድርገው ይዘውታል። ከኋላቸው ጸጉር አስተካካይ መጣ፤ ምላጩንና አንድ ጨርቅ ይዞ። ጨርቁ ውስጥ ቆቡ አለ። ጫፉ ታየኝ፤ የተራ ሱፍ ቆብ ነው፤ በገበያ ቢሸጥ ማንም ዞሮ አያየውም።

ሁለቱን ቅርጫቶች አምጥተው በቬላኒዮስ እግር ሥር ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ማነው የቀደመው?» አለ።

«አካስቶስ!» አሉ ወናፍ ነፊዎቹ።

«አካስቶስ የቱ ነው?»

ዓመቱን ሙሉ ለእሱ ስመታ ነው የኖርኩት። ይሁን። ወደ ፊት ወጣሁ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን መዳፉ ላይ አፋጨው። የራስ ቅሌ በሙሉ ያሳክከኝ ጀመር፤ እያንዳንዱ ጸጉሬ ቀድሞ መውደቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

ምልክት ፈቺው በዚህ መሐል ጎንበስ አሉና ከአንደኛው ቅርጫት አንድ ዲናር አነሡ። ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት።

«ቬላኒዮስ፣» አሉ፣ «ድል የታለች?»

«ምን አሉ አባቴ?»

«ድል። የታለች?»

ዲናሩን ሰጡት። ከቆምኩበት ሆኜ ታየኝ። በአንድ ፊት ሮማ ወጥታለች። በሌላው ፊት ያቺው ሮማ ጎድጉዳ ገብታለች፤ ሰም ላይ ተደፍታ እንደተነሣች። ክንፍ የለም። ጋሻ የለም። የታሰረው ሰውዬ እንኳ የለም።

ቬላኒዮስ እንደ ዲናሩ ነጣ። ወናፉ መነፋቱን አቆመ።

«ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አላየሁም ልል አልችልም። ነገ የድል ሰልፍ ነው፤ ዛሬ ድል ከብሩ ላይ ጠፍታ ተገኘች። ምልክት ነው። የምን ምልክት እንደሆነ የሚናገር ይናገር።»

እኛ ዘንድ ምልክት ታየ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ይህ ነው ብሎ ይናገራል፤ ተቀባዩም የተባለውን ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ከተቀበለ በኋላ ነው የሚጸናው። አሁን አንዱ ተነሥቶ «ድል ትታናለች» ቢል፣ ሽማግሌውም ቢቀበሉት፣ ሰልፉ ይቀራል። ጦር አዛዡ ዓመት ሙሉ የተዋጋበት ነገር በአንዲት ዲናር ይቀራል። ዲናሯን የመታው ሰው ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም።

«የማን እጅ ነው?» አለ ቬላኒዮስ፤ ድምፁ ቀጥኗል። ከፊቱ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ የሚያየው እኔን ነው። «ይህን የመታ ማነው?»

ያኔ ፊሌሮስ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ትሪፎን እኮ መጥረግ ትቶ ነበር፣» አለ።

የኛ ነው ማለት ነው! ከእኩለ ቀን በኋላ ነው፤ እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ትሪፎንን አየሁት፤ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ጸጉር አስተካካዩ ጨርቁን መልሶ ማጠፍ ጀመረ። ያን ጨርቅ ሲያጥፈው ሳይ፣ በእውነት፣ ከፍርሃት የባሰ ነገር ያዘኝ። ቆቤ እኮ ነው! እየታጠፈ ያለው ቆቤ ነው!

«በረረች!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሩ። እኔም ብሆን ማን እንደተናገረ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝም ነበር።

«በረረች ጌቶቼ! ክንፍ ያላት ናት! እዚህ ከጥቀርሻ ጋር ቁጭ ብላ ምን ትጠብቅ? ድል ከብሩ ላይ በርራ ጦር አዛዡን ልትቀበል ወደ ሜዳው ሄደች! ነገ አብራው ትገባለች!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። ከሜዳው የመለከት ድምፅ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሲነፉ ነው የዋሉት፣ ግን እንደዚያ ቅጽበት አምሮባቸው አያውቅም።

ምልክት ፈቺው ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«ተቀብያለሁ!» አሉ። «ምልክቱን ተቀብያለሁ! አፋችሁን ጠብቁ! ሰልፉ እስኪያልፍ ድረስ ይህን የሚያፈርስ ቃል ከማንም አፍ አይውጣ!»

ቤቱ ተናወጠ። እንግዶቹ ጮኹ፣ ወናፍ ነፊዎቹ ጮኹ። ቬላኒዮስ ሽማግሌውን አቀፋቸው፤ ነጭ ልብሳቸው ጥቁር ሆነ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። አንዱ እንግዳ ለጦር አዛዡ ሊነግር ሩጫውን ወጣ። እኔ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ያ ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው! ከእኔ!

«ይህቺን ዲናር አጎቴ በእጁ ይዟት ይሰለፋል!» አለ ቬላኒዮስ። «ከየትኛው ቅርጫት ነው የወጣችው?»

ቅርጫቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው እጀታቸው ላይ የታሰረው ክር ነው። የኛ ጥቁር ነው፤ የእነ ፊሌሮስ ቀይ ነው። ክሩ በግድግዳው በኩል ዞሮ ስለነበር እስካሁን አልታየም። ምልክት ፈቺው ዲናሩን ያነሡበትን ቅርጫት በእግራቸው ጫፍ አዞሩት።

ቀይ።

ቀይ ክር። ፊሌሮስ አየው። እኔ አየሁት። ትሪፎን አየውና ከንፈሩን ነከሰ። ማኅተሙን ከማለዳ ጀምሮ ያልጠረገው ማን ሆነና!

«ቀዩ የማነው?»

ፊሌሮስ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ጥፋቱን በእኛ ላይ ያላከከው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተወረወረ። «የኔ ነው ጌታዬ! የኔ ነው! የኔ እጅ ነው!»

«ፊሌሮስ! አንተ ነህ!» አለ ቬላኒዮስ። የእሱንማ ስም ያውቃል። «ድል የተነሣችው ከአንተ እጅ ነው። እሷ የመረጠችውን እኔ ላልመርጥ ነው? ምላጩን አምጣ!»

«ግን እኮ አካስቶስ ነው ቀድሞ...» አለ አንደኛው ወናፍ ነፊ። ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ቅርጫቴ ነው ቀድሞ የሞላው፣ ይሄ ምልክት አይደለም፣ ያልተጠረገ ማኅተም ነው፣ የተጣበቀ ብር ነው፣ ልል ነበር። ትሪፎን ከኋላ ቀበቶዬን ያዘና ጎተተኝ።

«ልትሞት ነው?» አለኝ በጆሮዬ። «የጦር አዛዡን ምልክት ልታፈርስ ነው? ዋጣት።»

ዋጥኳት። ጸጉር አስተካካዩ ፊሌሮስን የከሰል ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ ጸጉሩን ማርገፍ ጀመረ። ቬላኒዮስ ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር አለና «ያቺን ቃል ለተናገረው ልጅ ወይን ስጡት፣» አለ።

ልጅ! ጢሜ ከሸበተ ቆይቷል። ወይኑም ውኃ የበዛበት ነበር።

ከዚያ ቅርጫቱን ይዘን መውረድ ነበረብን። የተመታው ብር ሁሉ ወደ ሳተርን መቅደስ፣ ወደ ከተማው ግምጃ ቤት ነው የሚሄደው። እኔና ትሪፎን እጀታውን በሁለት ወገን ይዘን፣ ሁለት ዘብ ከፊት፣ ሁለት ዘብ ከኋላ ሆነው፣ የኮረብታውን መንገድ ጀመርነው። ክንዴ ሞቷል። ውስጤ ግን ሊበርድልኝ አልቻለም፤ ንዴት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሽንብራ የምትቆላ ሴትዮ ቆማለች።

«ሰማችሁ?» አለችን፤ እኛን! «ድል ከብሩ ላይ በርራ አዛዡን ልትቀበል ሄደች!»

ትሪፎንና እኔ ተያየን።

«ማን ነገረሽ እናቴ?» አላት ትሪፎን።

«ማን ይነግረኛል? በዓይኔ ነው ያየኋት! በመቅደሱ ጣሪያ ላይ ነው ያለፈችው። ነጭ ናት። ዝይ ታክላለች!»

«ዝይ ነው የምትይ?»

«ከዝይ ትበልጣለች!» አለች ተቆጥታ።

እየወረድን በሄድን ቁጥር ባሰ። ከደረጃው ሥር ጫማ ሰፊዎቹ ሥራቸውን ጥለው ቆመዋል። አንዱ ከሰገነት ወደ ሰገነት ይጮሃል፤ «በርራ ሄደች! ነገ አብራው ትገባለች!» ቃል በቃል የኔ ነው። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ከሜዳው የሾለኩ ወታደሮች ዘፈን አውጥተውለት ነበር፤ በድሮው የብልግና ዜማቸው ላይ የኔን ቃል አስገብተውታል። ሴቶች ከመስኮት ያጨበጭባሉ። የሮም ከተማ ሙሉ፣ ስሜን የማያውቅ ከተማ ሙሉ፣ በእኔ አፍ ይጮሃል! ጸጉሬ ቆመ። ልስቅም ላለቅስም ደረስኩ።

«ጉሮሮህ ትልቅ ነው ለካ፣» አለ ትሪፎን።

«ማን እንዳለው ግን አንድም ሰው አይጠይቅም።»

«አሁንም አልጠገብክም?»

አልጠገብኩም።

ከኋላችን የሩጫ ኮቴ ሰማን። ፊሌሮስ ነው። ራሱ ተላጭቶ እንደ እንቁላል ያበራል፤ ከጆሮው ኋላ ምላጩ ጫር አድርጎት ደም ወርዷል፤ ቆቡ እስከ ቅንድቡ ገብቶለታል። ዘቦቹ አዩትና አለፍ ብለው ቆሙ፤ ነጻ ሰው ነው አሁን። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጥነው።

«ሰላም አትሉኝም?» አለ እያለከለከ። «ነጻ ሰው እኮ ነኝ።»

«ቆቡ ሰፍቶሃል፣» አለው ትሪፎን።

«ራሴ ያድግለታል።» ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከቆቡ ሥር ዓይኖቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «ትሰማለህ አካስቶስ? ከተማው ስለ ዲናሬ ይዘፍናል። አንተ መቼም ይሄ ካልተገለበጠ አይገባህም።»

ከዚያ ቀረበኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝማ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ስትናገር... ቅርጫቱ የኔ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ወታደሮቹ እየዘፈኑ በአጠገባችን አለፉ። አንደኛው የፊሌሮስን ቆብ አይቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት፤ ፊሌሮስ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

«ታውቅ ከነበረ፣ ነፍሴን አውቀህ ነው ያተረፍካት...» አለ፤ ሊጨርሰው አልቻለም። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ካላወቅክም ንገረኝ። ስቄብህ ልገላገል። እባክህ አካስቶስ፣ አንዱን በለኝ።»

ደሙ ከጆሮው ኋላ ወርዶ አንገቱ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገውም። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ማንም እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ ከአፌ የሚወጣውን እየጠበቀ።

«አንሣ፣» አልኩት ትሪፎንን።

እጀታውን ያዝን። ቅርጫቱ ከመሬት ሲነሣ ዲናሮቹ ተንሸራተው ሻ አሉ። ፊሌሮስ ከኋላ ስሜን ጠራ፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው እስኪዞር ድረስ። እኔ መልሱን ለራሴ ይዤ በዘፋኞቹ መሐል ወደ ሳተርን መቅደስ ሄድኩ።